ሮቦቱ መጋረጃው ላይ ለምን ፈዞ ቀረ? የማወቅ ጉጉት በእንስሳትና በማሽን

ጥያቄ፦ «ጠረጴዛ ላይ የተገጠመ የሮቦት ክንድ አለን፤ አንጓው ላይ ካሜራ አለው። የተለየ ሥራ ሳንሰጠው በራሱ እንዲማር ፈልገን፣ ቀጥሎ የሚያየውን መገመት ባልቻለ ቁጥር ነጥብ እንዲያገኝ አደረግን። መጀመሪያ ሰሞን ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ዕቃዎች ይነካካ ነበር። ኋላ ግን ካሜራውን ወደ መስኮቱ መጋረጃ አዙሮ እዚያው ቀረ። ነፋስ መጋረጃውን ያወዛውዛል፣ እሱ ያያል፣ ነጥብ ይሰበስባል። ሐሳቡ ከእንስሳት የተወሰደ ነው ይባላል፤ እንዲህ የሚሆን እንስሳ ግን አላየንም። እነሱ ያላቸው፣ እኛ ያልሰጠነው ምንድን ነው?»

መልስ፦ ሮቦታችሁ አልተበላሸም። ያዘዛችሁትን ነው የፈጸመው። «መገመት ያቃተህን ነገር ባገኘህ ቁጥር ነጥብ አለህ» ብላችሁታል፤ እሱም ተገምቶ የማያልቅ ነገር አገኘላችሁ። በነፋስ የሚወዛወዝ ጨርቅ እጥፋቱ ቀጥሎ የት እንደሚወድቅ በፒክስል ደረጃ አስቀድሞ መናገር አይቻልም። ስለዚህ የትንበያ ስህተቱ አይወርድም፣ ነጥቡም አይነጥፍም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ኩባያ ግን ጥቂት ጊዜ ከተገፋ በኋላ ይታወቃል፤ በእናንተ ስሌት ደግሞ የታወቀ ነገር ዋጋ የለውም። ክንዱ ኩባያውን ትቶ መጋረጃውን መምረጡ በሒሳብ ትክክል ነው።

በእኔ እይታ ከእንስሳት የተወሰደው ግማሹ ብቻ ነው። አዲስ ነገር ይስባል የሚለው ተወስዷል። የቀረው ይበልጣል፦ እንስሳ ትምህርቱ ወደፊት እየሄደለት መሆን አለመሆኑን ይከታተላል፣ ካልሄደለት ይሰለቻል፣ ሲፈራ ይመለሳል፣ ደግሞም ለሁሉም ነገር እኩል አይጓጓም። መጋረጃውን ለማሸነፍ የመጀመሪያው ብቻ ይበቃ ይሆናል። ክንዱ የሚረባ ነገር እንዲማር ግን ሌሎቹም ያስፈልጋሉ።

ከእንስሳቱ ልጀምር፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እንስሳ ያለ ምግብ ይማራል የሚለው ሐሳብ ራሱ በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በሥነ ልቦና ውስጥ ገንኖ የነበረው አስተሳሰብ፣ እንስሳን የሚያንቀሳቅሰው ረሃብ፣ ጥም፣ ሕመም ወይም የመራባት ፍላጎት ነው የሚል ነበር። ኤድዋርድ ቶልማንና ቻርልስ ሆንዚክ በ1930 ባወጡት ጥናት አንድ የአይጦች ቡድን ምግብ በሌለበት ጠመዝማዛ መተላለፊያ ውስጥ ለአሥር ቀን እንዲዘዋወር አደረጉ። በ11ኛው ቀን መጨረሻው ላይ ምግብ ተቀመጠ። በማግስቱ እነዚህ አይጦች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምግብ ሲያገኙ ከቆዩት ባልተናነሰ መንገዱን አወቁት። ዝም ብለው የሚንከራተቱ ይመስሉ ነበር እንጂ ለካ መንገዱን እያጠኑ ነበር።

በ1950 ደግሞ ሃሪ ሃርሎውና ባልደረቦቹ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ለሬሰስ ጦጣዎች አንድ ሰሌዳ ሰጧቸው። ሰሌዳው ላይ ሹል መሰኪያ፣ መንጠቆና ማጠፊያ ተያይዘዋል፤ መሰኪያው ካልተነቀለ መንጠቆው አይላቀቅም፣ መንጠቆው ካልተላቀቀ ማጠፊያው አይነሳም። ከሥሩ ምንም የለም። ጦጣዎቹ ግን ይፈቱታል፤ ተመልሶ ሲገጠምላቸው እንደገና ይፈቱታል፤ እያደርም ስህተታቸው ይቀንሳል። ተመራማሪዎቹ ኋላ ላይ ምግብ ሲያስገቡበት ነገሩ ተበላሸ። ቅደም ተከተሉን በእርጋታ ይጠብቁ የነበሩት ጦጣዎች ወደ ምግቡ ለመድረስ ሲጣደፉ ስህተት አበዙ። ለሮቦት የነጥብ አሰጣጥ የሚቀርጽ ሰው ከድሮዎቹ ሙከራዎች አንዱን ብቻ ያንብብ ቢባል እኔ ይህን እመርጥለታለሁ።

ለእናንተ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሮበርት በትለር ሙከራ ነው። በ1953 ጦጣዎችን በተዘጋ ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ፣ ቀለማቸው ከሚለያይ ሁለት መዝጊያዎች ትክክለኛውን ሲገፉ ለ30 ሰከንድ ወደ ውጭ እንዲያዩ ፈቀደላቸው። ጦጣዎቹ ለማየት ብቻ ሲሉ ቀለሞቹን መለየት ተማሩ። እስከዚህ ድረስ ከክንዳችሁ ምን ለያቸው ትሉ ይሆናል። ልዩነቱ የሚወጣው ማየት የፈለጉት ምን እንደሆነ ሲታይ ነው፦ ባዶ ቦታ ከማየት ይልቅ ሌላ ጦጣ ወይም የሚንቀሳቀስ የአሻንጉሊት ባቡር ማየትን አስቀደሙ። ሌላ ጦጣ የሚያደርገው ነገር ሙሉ በሙሉ አይገመትም፤ ሙሉ በሙሉም የዘፈቀደ አይደለም። ብዙ ብታየው ብዙ ይገባሃል።

ይህ መካከለኛ ቦታ በሕፃናት ላይ ተለክቷል። ሴሌስት ኪድና ባልደረቦቿ በ2012 ባሳተሙት ጥናት ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 8 ወር የሆኑ ሕፃናት በስክሪን ላይ ተራ በተራ ብቅ የሚሉ ዕቃዎችን ሲያዩ ዓይናቸውን የሚነሱበትን ቅጽበት መዘገቡ። ሕፃናቱ ፊታቸውን የሚያዞሩት ቀጣዩ ነገር ከልክ በላይ የሚገመት ሲሆን ነው፤ ከልክ በላይ የማይገመት ሲሆንም እንዲሁ። በ2015 ኤሚ ስታልና ሊሳ ፋይገንሰን ያወጡት ጥናት ደግሞ አንድ እርምጃ ይቀጥላል። የ11 ወር ሕፃናት ፊት አንድ የአሻንጉሊት መኪና ለከፊሎቹ ግድግዳ ሰንጥቆ ያለፈ፣ ለሌሎቹ ከመድረኩ ጠርዝ ወጥቶ አየር ላይ የቆመ እንዲመስል ተደረገ። ከዚያ መኪናው በእጃቸው ተሰጠ። ግድግዳ ሲያልፍ ያዩት መኪናውን እየደበደቡ ጠንካራነቱን ፈተሹ፤ አየር ላይ ሲቆም ያዩት ደግሞ እየለቀቁ መውደቅ አለመውደቁን ፈተሹ። ሁለቱም ወገን ተገርሟል፤ የተለየው እጃቸው የሠራው ነው። ግርምቱ ወደ ልክ ጥያቄና ልክ ፍተሻ ተለውጧል። የእናንተ ክንድ ግርምት ብቻ ነው ያለው።

በማሽን በኩል ነገሩ የተጀመረው በአንጎል ተመራማሪው በግሬይ ዋልተር ኤሊዎች ነው ማለት ይቻላል። በ1940ዎቹ መጨረሻ ብሪስቶል ውስጥ ኤልመርና ኤልሲ ብሎ የሰየማቸውን ሁለት የኤሌክትሪክ ኤሊዎች ሠራ። እያንዳንዳቸው ያላቸው ሁለት የቫኪዩም ቱቦ፣ አንድ የብርሃን ሴንሰርና አንድ የመነካት ሴንሰር ብቻ ነው። ብርሃን እያሰሱ ክፍሉን ይዞራሉ፣ ብርሃኑ ሲበረታባቸው ይሸሻሉ፣ ባትሪያቸው ሲደክም ወደ ጎጇቸው ይመለሳሉ። መማር ግን አይችሉም፤ የሺኛው ዙር ከመጀመሪያው አይለይም።

መማርን ከጉጉት ጋር ያገናኘው ዩርገን ሽሚድሁበር ነው፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ። የመጀመሪያ ሐሳቡ የእናንተው ነበር፦ ማሽኑ ቀጣዩን ይገምት፣ የትንበያ ስህተቱ ራሱ ሽልማት ይሁን። ብዙም ሳይቆይ ቀዳዳውን አየው። የዘፈቀደ ነጠብጣብ ብቻ የሚያሳይ ስክሪን ፊት የተቀመጠ እንዲህ ያለ ማሽን ለዘላለም ይደሰታል። ስለዚህ ማስተካከያ አመጣ፦ ሽልማቱ የስህተቱ መጠን ሳይሆን የስህተቱ መቀነስ ይሁን። ከዚያ ወዲህ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ አልፎ፣ በ2018 ዩሪ ቡርዳና ባልደረቦቹ ይህንኑ ቀዳዳ በኮምፒውተር በተሠራ መተላለፊያ ውስጥ በግልጽ አሳዩት። መተላለፊያው ውስጥ ቴሌቪዥን ሰቀሉ፤ ለሠልጣኙ ፕሮግራም ደግሞ ቻናል የሚቀይርበት አንድ ተጨማሪ ቁልፍ ሰጡት። በተጫነ ቁጥር የዘፈቀደ ምስል ይመጣል። መውጫውን የመፈለጉ ሥራ ክፉኛ ተጓተተ። የእናንተ መጋረጃ የዚያ ቴሌቪዥን ታናሽ ወንድም ነው።

አሁን ስሌቱን ቀረብ ብለን እንየው፤ ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል ብቻ ነው የማወጣቸው። የመጋረጃው አማካይ የትንበያ ስህተት ባለፉት መቶ ሙከራዎች 0.40 ነበር፣ ከዚያ በፊት በነበሩት መቶ ሙከራዎችም 0.40። ልዩነቱ ዜሮ ነው። ባዶው ጠረጴዛ 0.01 ነበር፣ አሁንም 0.01፤ እሱም ዜሮ። ኩባያው 0.50 ነበር፣ አሁን 0.30 ደርሷል፤ ልዩነቱ 0.20። በስህተት መጠን ብቻ የሚመራ ክንድ መጋረጃውን ይመርጣል፤ በስህተት ቅነሳ የሚመራ ኩባያውን። ኩባያው 0.05 ላይ ደርሶ መውረድ ሲያቆም ደግሞ ክንዱ ይተወዋል። መሰልቸትን ለብቻው ፕሮግራም ማድረግ አያስፈልግም፤ ከቅነሳው ስሌት ራሱ ይወጣል። ይህን ነው የመማር ግስጋሴ የምንለው። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ አማካዩን በጥቂት ሙከራዎች ላይ ካሰላችሁት መጋረጃውም በአጋጣሚ የተሻሻለ ይመስላል፤ ስህተቱ ለአፍታ ዝቅ ይልና ክንዱ ተመልሶ ይሄድበታል። ሰፋ ያለ ናሙና ውሰዱ።

ይህ ሐሳብ በእውነተኛ አካል ላይ ሲሠራ ያየነው ፓሪስ በሚገኘው የሶኒ ቤተ ሙከራ ነው። ፒየር-ኢቭ ኡዴየር፣ ፍሬዴሪክ ካፕላንና ቬሬና ሃፍነር በ2007 ያሳተሙት ሥራ ነው። አይቦ የተባለውን ውሻ መሰል ሮቦት ለሕፃናት በሚነጠፍ የመጫወቻ ምንጣፍ ላይ አስቀመጡት። ፊት ለፊቱ ሊነከስ የሚችል የዝሆን አሻንጉሊት አለ፤ ሲመታ የሚወዛወዝ የተንጠለጠለ ነገር አለ፤ ራቅ ብሎ ደግሞ ድምፅ ሲሰማ መልሶ የሚያስመስል ሌላ ሮቦት ተቀምጧል። አይቦው ጭንቅላቱን ማዞር፣ በእግሩ መምታት፣ መንከስና ድምፅ ማውጣት ይችላል። የትኛው ድርጊት ለየትኛው ዕቃ እንደሚሆን ግን የነገረው የለም።

መጀመሪያ ላይ ዝም ብሎ ይፍጨረጨራል። ከዚያ የልምዱን ቦታ ራሱ በክፍል በክፍል እየከፋፈለ፣ በየክፍሉ ትንበያው ምን ያህል እየተሻሻለ እንደሆነ ይለካል። በየተራ ወደ ተለያዩ ዕቃዎች ዞር ዞር ማለት ይጀምራል፤ ቀጥሎም ያለ ቦታው ይነክሳል፣ ያለ ቦታው ይመታል። ውሎ አድሮ የሚነከሰውን መንከስ፣ የሚወዛወዘውን መምታት ላይ ያተኩራል። ዘግየት ብሎ ወደ ሌላው ሮቦት ዞሮ ድምፅ ያሰማል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ሙከራው ሲደገም የሆነው ነው፦ የዕድገቱ አጠቃላይ አቅጣጫ ይመሳሰላል፣ ዝርዝሩ ግን ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ይለያያል። አንዱ ዙር መንከስን ያስቀድማል፣ ሌላው መምታትን። ደረጃዎቹን ማንም አልጻፈላቸውም።

ሰዎችስ እንዲህ ነን ወይ? አሌክሳንድር ቴንና ባልደረቦቹ በ2021 ባሳተሙት ጥናት ለተሳታፊዎች አራት የመገመቻ ጨዋታዎች ሰጥተው የፈለጉትን እንዲመርጡ ለቀቋቸው። ከአራቱ አንዱ ፈጽሞ ሊታወቅ የማይችል፣ የዘፈቀደ ነበር። የተሳታፊዎቹን ምርጫ ሲመረምሩ ሰዎች ምን ያህል ያውቃሉ ከሚለው በተጨማሪ ዕውቀታቸው ምን ያህል እየተለወጠ ነው የሚለውም እንደሚመራቸው አገኙ። ይህን ስል ሁላችንም ከማይረባ ስክሪን ፊት ሰዓታት እንደምናጠፋ ረስቼ አይደለም፤ የእኛም ሥርዓት ቀዳዳ አለው።

የመማር ግስጋሴ አንድ ችግር አለበት። ክንዱ የሚያየው ሙሉ የካሜራ ምስል ሲሆን ዓለምን በስንት ክፍል ከፋፍሎ ግስጋሴውን ይለካ? ለዚህ ነው ከ2017 ወዲህ ሌሎች መንገዶች የመጡት። የዲፓክ ፓታክና ባልደረቦቹ መፍትሔ ምስሉን አጣርቶ ማየት ነው፦ ኔትዎርኩ፣ ማለትም ከምሳሌ የሚማረው ፕሮግራም፣ ሁለት ተከታታይ ምስሎችን አይቶ «በመካከላቸው የወሰድኩት እርምጃ የትኛው ነበር?» የሚለውን እንዲመልስ ይሠለጥናል። ለዚህ መልስ የማይጠቅም ነገር፣ እንደ መጋረጃው መወዛወዝ ያለ፣ ከዕይታው ይጣላል። በዚህ መንገድ የሠለጠነ ፕሮግራም ከጌሙ ምንም ነጥብ ሳይሰጠው ሱፐር ማሪዮ የተባለውን የቪዲዮ ጌም የመጀመሪያ ምዕራፍ ከ30 በመቶ በላይ ተጓዘ። ለእናንተ ይህ ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን ክንዱ መጋረጃውን መድረስ የሚችል ከሆነ አይታመንም፤ አንድ ቀን ይነካዋል፣ መጋረጃውም «በእኔ እርምጃ የሚለወጥ» ይሆናል። የቴሌቪዥኑ ቻናል መቀየሪያ ችግርም ይኸው ነበር።

እኔ ለክንዳችሁ የምመርጠው በ2019 ፓታክ፣ ጋንዲና ጉፕታ ያቀረቡትን ነው፤ በእውነተኛ የሮቦት ክንድም ላይ ሞክረውታል። አንድ ሳይሆን ብዙ ትንንሽ የትንበያ ኔትዎርኮችን ለየብቻ አሠልጥኑ፤ ሽልማቱ በመካከላቸው ያለው አለመስማማት ይሁን። ያልተነካ ዕቃ ፊት ሁሉም የተለያየ ይገምታሉ፣ ስለዚህ ሽልማቱ ከፍ ይላል። ዕቃው ሲታወቅ ይስማማሉ። መጋረጃው ፊትስ? መጀመሪያ ይለያያሉ፤ ብዙ ካዩት በኋላ ግን ሁሉም ከዚያው አማካይ ምስል በቀር የሚገምቱት ስለሌላቸው ይስማማሉ። ሁሉም ተሳስተዋል፣ ግን አንድ ዓይነት ስህተት ነው፤ ሽልማቱም ይወርዳል። «አላውቅም» እና «ሊታወቅ አይችልም» የሚለያዩበት ርካሽ መንገድ ይህ ነው።

በጌም ዓለም ስሙ የገነነው ሌላ ዘዴ በ2018 የወጣው የቡርዳና ባልደረቦቹ ነው፤ በዘፈቀደ የተሠራና የማይለወጥ ኔትዎርክ ያወጣውን ውጤት ሌላ ኔትዎርክ እንዲተነብይ ያደርጋል፤ ብዙ የታየ ምስል ላይ ትንበያው ይሰምራል፣ ብርቅ ምስል ላይ አይሰምርም። ሞንቴዙማስ ሪቬንጅ በተባለው የአታሪ ጌም የመጀመሪያዋን ነጥብ ለማግኘት መሰላል መውረድ፣ በገመድ መዝለል፣ ከሚንከባለል የራስ ቅል መትረፍና ቁልፍ ማንሣት ያስፈልጋል። በ2015 ብዙ የአታሪ ጌሞችን ያሸነፈው ዝነኛ ፕሮግራም እዚህ ጌም ላይ ዜሮ ነበር ያገኘው። የ2018ቱ ግን የሰው ጨዋታ ሳይታይ የሰውን አማካይ ውጤት አለፈ። ደራሲዎቹ የታዘቡት ነገር ከውጤቱ ይልቅ ለእኛ ርዕስ ይጠቅማል፦ ፕሮግራሙ በሠለጠነ መጠን የራስ ቅሎቹ አጠገብ እየዘለለ መጫወት ጀመረ። ሞት አፋፍ ላይ መቆየት ከባድ ስለሆነ ብርቅ ነው፤ ብርቅ ስለሆነ ይሸልማል። በጌም ይህ ያስቃል። የሞተር ማርሽ በሚሰበርበት ዓለም አያስቅም።

እዚህ ላይ ነው ፍርሃት የሚገባው። አይጥ አዲስ ቦታ ላይ ስትለቀቅ እንደ ልቧ አትሮጥም። ኢላን ጎላኒና ዴቪድ ኢላም በ1989 እንዳሳዩት አንድ ጥግ እንደ ቤት ትይዛለች፤ ከዚያ እየቆመች፣ ቀስ እያለች ትወጣለች፤ ስትመለስ ግን ፈጥና ነው። ቀጥሎ ስትወጣ ትንሽ ትርቃለች። ጎሬን ጎርደን፣ ኢሁድ አሂሳርና ባልደረቦቻቸው በ2014 ይህን ባሕርይ በሞዴል ሲያስረዱ ዳሰሳን የአዲስነት መጠን አስተዳደር አድርገው ነው ያቀረቡት፤ መውጣት አዲስነትን ይጨምራል፣ መመለስ ይቀንሳል፤ ሁለቱ እየተፈራረቁ ግዛቱ ይሰፋል። ጉጉትና ፍርሃት የሚጣሉ ሁለት ኃይሎች ናቸው ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። የአይጧን መንገድ ለሚያይ ግን ፍርሃቱ የጉጉቱ መሪ ነው።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ውስጥ ለዚህ የሚቀርበው በ2021 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ጎ-ኤክስፕሎር የተባለ ዘዴ ነው፤ መርሁ መጀመሪያ ወደምታውቀው ጥሩ ቦታ ተመለስ፣ ከዚያ ዳስስ የሚል ነው። ከዚያው የአታሪ ጌም በጣም ከፍ ያለ ውጤት ያስገኘውም ይኸው ነው። ደራሲዎቹ ሲነሱ የአይጥን ባሕርይ ለመቅዳት አልነበረም፤ በሌላ በር ገብተው እዚያው ደረሱ።

ጉጉት ዋጋ እንዳለው ደግሞ የዝርያዎች ልዩነት ይነግረናል። ስቲቨን ግሊክማንና ሪቻርድ ስሮጅስ በ1966 ባሳተሙት ጥናት በመካነ አራዊት ላሉ ከ100 በላይ ዝርያዎች እንደ ሰንሰለትና የእንጨት ቁርጥራጭ ያሉ ዕቃዎችን ሰጥተው ነበር፤ ጦጣዎችና ሥጋ በሎች ብዙ ሲመረምሩ ተሳቢዎቹ እምብዛም ግድ አልሰጣቸውም። በኒውዚላንድ ተራሮች የሚኖረው ኪያ የተባለው በቀቀን የቆመ መኪና ጎማና የመስኮት ላስቲክ ሳይቀር ይዘነጣጥላል። አዳኝ አጥቢ እንስሳ በሌለበት ደሴት ላይ ለኖረ ወፍ የማያውቁትን ነገር መንካት ርካሽ ነው። ቁራ እንዲህ ድፍረት የለውም። ካታግሊፊስ የተባሉት የበረሃ ጉንዳኖች ደግሞ ጉጉታቸው ጠባብ ነው። ለምግብ ፍለጋ ከመሰማራታቸው በፊት በጎጇቸው ዙሪያ አጫጭር ዙሮችን ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹ ዝርያዎች በየመካከሉ ቆም ብለው ዞረው ወደ መግቢያዋ ያያሉ። ምግብ አያመጡም፣ ጠላት አይሸሹም። የመጡት መረጃ ለመያዝ ነው፤ የያዙትም አንድ መረጃ ብቻ፣ የቤታቸውን መገኛ።

ስለዚህ «ሮቦቱ በሁሉም ነገር ይጓጓ» የሚለው ምኞት ተፈጥሮ ውስጥ አቻ የለውም። በ2023 የዙሪኩ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳዩት ሥራ በዚህ በኩል ደስ ይለኛል። እግሮቹ ላይ ጎማ የተገጠመለት ኤኒማል የተባለ ባለ አራት እግር ሮቦት በጉጉት ሽልማት ታግዞ በሁለት እግሩ ቆሞ በር መክፈትን ተማረ። ጉጉቱ ግን በካሜራው ምስል ሁሉ ላይ አልተለቀቀም፤ ለሥራው በሚጠቅሙ በተመረጡ ልኬቶች ላይ ብቻ ነበር። ንጽሕና ፈላጊዎች ይህ ማጭበርበር ነው ይላሉ። እኔ የጉንዳኗ መንገድ ነው እላለሁ።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ከሁሉ ይልቅ ችላ የሚባለውም እሱ ነው። የክንዳችሁ ሙከራዎች ከየት ይመጣሉ? ለሞተሮቹ የዘፈቀደ ትእዛዝ በመስጠት ከሆነ አብዛኛው ጊዜ አየር ላይ በመወራጨት ያልቃል። ዜብራ ፊንች የተባለችው ትንሽ ወፍ ወንድ ጫጩት መዘመር ሲጀምር ድምፁ እንደ ሕፃን ጉርምርምታ የተበታተነ ነው፤ ለዚህ መበታተን የሚሠራ ለብቻው የተመደበ የአንጎል ክፍል እንዳለው ሚካኤል ፊና ባልደረቦቹ በ2008 አሳይተዋል። ነገር ግን መበታተኑ አባት ወፍ ከዘመረው መዝሙር ጋር ይመዛዘናል። ዓላማ አለው።

ለሮቦትም የሚሻለው ግቡን መዘበራረቅ ነው፤ የሞተሩን ትእዛዝ መዘበራረቅ ሁለተኛ ነው። ማለትም ክንዱ «ኩባያው እዚያ ቦታ ቢሆን» ብሎ ግብ ይምረጥ፣ ይሞክር፣ ምን ያህል እንደቀረበ ይመዝግብ፤ ቀጣዩንም ግብ ከዕለት ወደ ዕለት እየተሻሻለ ከሚሄድበት አካባቢ ይምረጥ። በ2017 የኡዴየር ቡድን ፖፒ በተባለ የሰው ቅርጽ ያለው ሮቦት ላይ ይህን ሞክሮ ነበር። ሮቦቱ ፊት ጆይስቲክ አለ፤ ጆይስቲኩ ሌላ ትንሽ ሮቦት ያንቀሳቅሳል፤ ትንሹ ሮቦት ኳስ ይገፋል፤ ኳሱ ሲንቀሳቀስ መብራትና ድምፅ ይለዋወጣል። በዘፈቀደ እጁን የሚያወራጭ ሮቦት ኳሱ ጋ የሚደርሰው በዕድል ነው። ግብ የሚመርጠው ግን መጀመሪያ እጁን ማንቀሳቀስን፣ ከዚያ ጆይስቲኩን፣ ከዚያ ትንሹን ሮቦት፣ ከዚያ ኳሱን እየተሻገረ ሄደ። እያንዳንዱ የቀደመው ለቀጣዩ መሣሪያ ሆነው።

«ይህ እውነተኛ ጉጉት ነው ወይስ ቁጥር?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ኤታን ብሮምበርግ-ማርቲንና ኦኪሂዴ ሂኮሳካ በ2009 እንዳሳዩት ጦጣዎች የሚያገኙት የውኃ መጠን ምንም ባይለወጥም ምን ያህል እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚነግራቸውን ምልክት ይመርጣሉ፤ ለውኃው የሚነቁት፣ ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል የሚለቁ ሴሎችም ለመረጃው ይነቃሉ። አንጎል ውስጥም መረጃ እንደ ሽልማት ይሰላል ማለት ነው። ሮቦቱ ይሰማዋል ወይ የሚለውን ለፈላስፎች እተወዋለሁ፤ መጋረጃውን ለማስተው አያስፈልገንም።

ወደ ጠረጴዛችሁ ስንመለስ፣ ከኮዱ በፊት የሞተሮቹን የኃይል ገደብ አስተካክሉ፤ የጎበዝ ጉጉት ማርሽ ይፈጫል። ለክንዱ አንድ የማረፊያ አቋም ስጡት፤ ኃይሉ ወይም ሙቀቱ ከገደብ ሲያልፍ ወደዚያው ይመለስ፣ በየጥቂት ሙከራው ደግሞ ሳይቸገርም ይመለስ። ካሜራው የሚያየውን ወደ ዕቃዎቹ ቦታና አቀማመጥ ቀይሩት፤ ግቦቹም በእነዚህ ይነገሩ። ለትንበያ አምስት ያህል ትንንሽ ኔትዎርኮች ይበቃሉ። ቀላል የሚመስል ግን ብዙ ቤተ ሙከራዎችን የሚያሰናክል ጉዳይ ደግሞ አለ፦ ኩባያው ከጠረጴዛው ሲወድቅ ማን ያነሳዋል? ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ሙከራ ከመሸ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ባዶ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ጠረጴዛውን ዙሪያውን ከፍ ያለ ጠርዝ ሥሩለት፣ ወይም ዕቃዎቹን በአጭር ክር እሰሩ። መጋረጃውን አታውርዱት፤ መፈተኛ ይሆናችኋል። ጠዋት ላይ ክንዱ በየዕቃው ላይ ያጠፋውን ጊዜ በግራፍ አውጡ። የአንዱ ከፍ ብሎ ሲወርድ የሌላው የሚነሳ ከሆነ እየሠራ ነው። የአንዱ ብቻ ከፍ ብሎ ከቀረ የዚያን ዕቃ የትንበያ ስህተትና የኔትዎርኮቹን አለመስማማት ጎን ለጎን አድርጋችሁ ላኩልኝ፤ ከሁለቱ የትኛው እንዳልወረደ ካየሁ ችግሩ የት እንዳለ ልነግራችሁ እችላለሁ።